ለልቧ ሲባል

«ጋሼ፣ እኔ እንደደወልኩ ግን እንዳይነግሯት አደራ። ሥራ ቀዝቅዟል ይበሏት፤ በቃ። ለልብሽ ሲባል ነው ካሏት ቤቱን በላያችን ላይ ነው የምታፈርሰው።»

እትዬ መቀስ ይህን የሰማችው በገዛ ቤቷ ኮሪደር ውስጥ፣ በአንድ እጇ የውሃ ብርጭቆ፣ በሌላው የጠዋት ክኒኗን ይዛ ነው። ልጇ በረንዳ ላይ ወጥቶ፣ በሩን ከኋላው ገርበብ አድርጎ፣ በሹክሹክታ መሆኑ ነው እንግዲህ፣ ከአሠሪዋ ጋር ይማከራል። የዚህ ልጅ ሹክሹክታ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ጨርቅ ቆርጣ ያሳደገችው፣ ያስተማረችው፣ የዳረችው ልጅ እሷን ከሥራ ለማስወጣት ከሰው ጋር ሲመክር በጆሮዋ ሰማች። ገብታ ስልኩን ከጆሮው ላይ መንጭቃ ብትወስደው በወደደች። ግን የሚሆነውን ታውቀዋለች፤ ከጮኸች «አየሽ፣ ይኸው ልብሽ!» ብሎ ወንበር ያመጣላታል፣ ምራቷ ውሃ ይዛ ትሮጣለች፣ ነገሩ ሁሉ ስለ ልቧ ይሆንና ስለ ሥራዋ የሚናገር ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ክኒኗን ዋጠች፣ ውሃውን ጠጣች፣ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ያ አሠሪዋ ደግሞ በምን አፉ ሥራ የለም እንደሚላት ማየት አማራት።

ቁርስ ላይ ልጇ የደም ግፊት መለኪያውን አምጥቶ ክንዷ ላይ ጠቀለለ። ዕቃውን የገዛው እሱ ነው፤ ለአንድ ወር ክኒኗ የሚበቃ ዋጋ ከፍሎበታል። መለኪያው የሚያውቀው እኩል እኩል የሚመታ የሰው ልብ መቁጠር ነው፤ የእሷን ሲያገኝ ይነፋል፣ ይተነፍሳል፣ እንደገና ይነፋል፣ መጨረሻ ላይ የስህተት ምልክት አውጥቶ ይጮሃል። በጮኸ ቁጥር የልጇ ፊት አመድ ይመስላል። «እማ፣ ዛሬ ብትቀሪስ?» አላት፣ ዓይኑን ከመለኪያው ላይ ሳያነሳ። «ለምን እቀራለሁ?» «እንዲያው… ደከም ብሎሽ እንደሆነ ብዬ ነው።» ምራቷ ዳቦውን በጣም በቀስታ ትቆርስ ጀመር፤ እሷም ታውቃለች ማለት ነው። ሦስት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ፣ ሦስቱም ያንኑ ነገር እያወቁ፣ ሦስቱም ስለ ዳቦው መድረቅ አወሩ።

በሽታው ከጀመራት ሁለት ዓመት አልፎታል። ልቧ እንደ ሰካራም ነው የሚሄደው፤ ሁለት ፈጣን፣ አንድ ረጅም፣ ከዚያ ቆም፣ ከዚያ ደግሞ ግር ብሎ ይሮጣል። ዶክተሩ በወረቀት ላይ እየሳለ አስረድቷታል፤ የልቧ የላይኛው ክፍል በሥርዓት መምታቱን ትቶ ይርገበገባል፣ የታችኛውንም ያጣድፈዋል። አንደኛው ክኒን ይህን ጥድፊያ የሚገታ ነው፣ በየቀኑ ሳይዘለል የሚወሰድ፤ ሌላኛው ደሟ እንዳይረጋ ነው። «ብዙ ሰው ይዞት ይኖራል፣ ሥራዎንም ይሥሩ» ብሏታል። ልጇ አጠገቧ ተቀምጦ ከዚህ ሁሉ ንግግር ልብ የምትለዋን ቃል ብቻ ይዞ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ እሷ ቤት መጥፎ ወሬ የሚባል ነገር አይገባም። የአክስቷ ልጅ ሞታ ከተቀበረች ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የሰማችው፤ ያውም አውቶቡስ ውስጥ፣ በወጉ ከማታውቀው ሰው አፍ። የልጅ ልጇ ፈተና ወድቆ፣ አለፈ ተብሎላት ኬክ ተቆረሰ። እሷ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል፣ የቴሌቪዥኑ ጣቢያ ይቀየራል፣ ሁሉም ፈገግ ይላል። ሰው በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ፈገግ ሲባልለት መዋሉ እንዴት እንደሚያንገፈግፍ የደረሰበት ያውቀዋል።

ጥድፊያውን የሚገታውን ክኒን አትጠላውም፤ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ያለ እሱ ልቧ ደረቷን በርግዶ ሊወጣ ነበር የሚደርሰው። ግን ከአራት ወር በፊት ሩጫው አገርሽቶባት ዶክተሩ ከግማሽ ወደ ሙሉ ካሳደገው ወዲህ፣ ክኒኑ ልቧን ሲይዝ እሷንም አብሮ ያዛት። ጣቶቿ እንደ ጠዋት የቧንቧ ውሃ ቀዘቀዙ። እግሮቿ ከበዱ። ረፋዱ ላይ ጭንቅላቷ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ትራስ ይሆንባታል። «ልቤ ተረጋጋ፣ እኔ ግን ፈዘዝኩ» ትላለች፤ እሱንም ስትቀልድ ብቻ ነው የምትለው። ስፌት ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱ ከተበላሸ ስንት ዘመኑ። ሃምሳ አራት ደረጃ ነው፤ ቆጥራዋለች። ድሮ ጥቅል ጨርቅ በትከሻዋ ይዛ በአንድ ትንፋሽ ትወጣው ነበር፤ አሁን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትቆምና ቦርሳዋ ውስጥ ቁልፍ የምትፈልግ ትመስላለች። ቁልፍ የላትም። በሩን ሁልጊዜ የሚከፍተው ባለቤቱ ነው።

ባለቤቱን ሠራተኛው ሁሉ፣ እሱ በሌለበት ነው እንግዲህ፣ «ነገ እንነጋገር» ይለዋል። ፈቃድ ቢጠየቅ፣ መስኮት ቢሰበር፣ የሊፍቱ ነገር ቢነሳ፣ መልሱ ያው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊት ለፊት መናገር የማይሆንለት ሰው ነው እንጂ። አንዳንዴ ግን ክፉው ይሻላል፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ይናገራል። ዛሬ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ ሰላምታ ሰጣት፣ ጤናዋን ጠየቀ፣ ስለ ሰማዩ መጨፍገግ ተናገረ፣ ከዚያ አንድ የረሳው ነገር እንዳለው ሰው እየተጣደፈ ቢሮው ገባ። እትዬ መቀስ ሽርጧን ስታስር በልቧ «ገና ምን አይተህ» አለችው።

አዳራሹ አንድ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ስድስት የስፌት መኪና፣ በጓሮው በኩል ሁለት ካውያ፣ መሃል ላይ ረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ። ከጠረጴዛው ማዶ ሁለተኛዋ ቆራጭ ጨርቅ ትዘረጋለች። መለኪያ ሜትሯ ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ ስሟም ሜትር ሆኖ ቀርቷል። ስምንት ዓመት በዚህ ጠረጴዛ ተፋጠው ሠርተዋል፤ መቀስ አያያዝ ያስተማረቻት እትዬ መቀስ ናት። የያዙት ሥራ ለአንድ ሆቴል ሠራተኞች የሚሆን አርባ ኮት ነው፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቅዳሜ የሚረከብ። «እትዬ መቀስ፣ አንቺ ደረቱን ያዢው፣ እጅጌውን እኔ ልቁረጠው» አለች ሜትር። «ለምን? እጅጌ ከበደኝ?» «ኧረ አልወጣኝም! እንዲያው ቶሎ እንዲያልቅልን ብዬ ነው።» «እንግዲያው ደረቱን አንቺ ያዢው» አለቻትና የእጅጌው ልክ የተቀደደበትን ካርቶን ሳበች። እዚህም ደግሞ ጀመሩኝ፣ ብላ ተናደደች። ቤት ማንቆርቆሪያ አታንሺ፣ እዚህ እጅጌ አትቁረጪ፤ ቀጥሎ መተንፈሱንም እኛ እንተንፍስልሽ ሊሉ ነው። ጨርቁን አራት አራት እየደረበች፣ በጠመኔ እያሰመረች፣ ያን ከባድ መቀሷን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳታቋርጥ ትነዳው ጀመር። መቀሱ ሲሄድ የሚሰማው ያ ወፍራም ድምፅ ከማንም መድኃኒት የበለጠ ያረጋጋታል፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ነው የምትለው።

ነገ እንነጋገር እስከ ምሳ ድረስ ሦስት ጊዜ መጣ። መጀመሪያ ስለ ቁልፎቹ ቀለም ጠየቀ። ሁለተኛ መጥቶ መስኮቱን ከፈተ፣ ቆይቶ ዘጋው። ሦስተኛው ላይ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። እትዬ መቀስ ራሷን ሳታነሳ፣ ድምፅዋን ማር አድርጋ፣ «ሥራ እንዴት ነው ዘንድሮ?» አለችው። «ኧረ ተመስገን፣ ሞልቷል!» አለ ሰውየው እንደ ልማዱ፤ ከዚያ ያለውን ሲሰማው ከንፈሩን ነከሰ። «እሰይ፣ ይሙላልህ» አለችው። ቢሮው እስኪገባ ድረስ ጀርባውን አየችውና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያን ቀን ከልቧ ሳቀች። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየላትም፤ ይህ ሥራ ከእጇ ከወጣ ነገ ጠዋት ክኒኗን ውጣ የት እንደምትሄድ አስባ ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ፈገግ ሲባልላት ልትውል ነው።

ምሳዋን በልታ፣ እንደ ሰሞኑ ልማዷ፣ ጥጉ ላይ የተቆለለው የጨርቅ ጥቅል ላይ ጋደም አለች። ይህን ዶክተር አላዘዘም፤ ያዘዙት ሠራተኞቹ ናቸው። «ትንሽ ጋደም በይ እንጂ እትዬ» እያሉ፣ መጀመሪያ በልመና፣ በኋላ በቁጣ አስለመዷት። እሷም ክኒኑ ምሳ ሰዓት ላይ ዓይኗን ስለሚያስጨፍናት እሺ ካለች ሰነበተች። በእንቅልፍ ልቧ የመቀስ ድምፅ የሰማች መሰላት። ሌላው ምሳ በሚበላበት ሰዓት መቀስ ምን ይሠራል ብላ አልጠየቀችም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነገ እንነጋገር ቢሮው አስጠራት። ቢሮው ማለት አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና የቆዩ የኮሌታ ናሙናዎች ናቸው። «ተቀመጪ፣ እትዬ።» «ቆሜ እሰማለሁ።» «ያው… ታውቂዋለሽ… ዘንድሮ ሥራው ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ…» ስልኩ ጮኸ። ደንበኛ ነው፣ ሃያ ሱሪ ይፈልጋል። ሰውየው «ይቻላል፣ ይቻላል፣ በሁለት ሳምንት» ብሎ ዘጋውና፣ ፊቱን በመሐረብ ጠራርጎ፣ «እና ቀዝቀዝ ስላለ» ሲል ቀጠለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

«ልጄ ጠዋት የደወለልህ ከቤቴ በረንዳ ላይ ሆኖ ነው» አለችው። «እኔም ኮሪደሩ ውስጥ ነበርኩ።»

ነገ እንነጋገር ቀይ ሆነ፣ ነጭ ሆነ። «እሱ እኮ… እኛም… ለልብሽ ብለን ነው፣ እትዬ።»

«ልቤን ለዶክተሬ ተዉለት!» ብላ በሩን በረገደችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትውጠው የከረመችው ነገር ሁሉ አሁን አፏ ላይ መጣ። አዳራሹ መሃል ቆመችና፣ መቀሷን ከጠረጴዛው አንስታ ከፍ አድርጋ፣ «ስሙኝ እስቲ!» አለች። «ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ! በዚህ መቀስ የተበላሸ አንድ ጨርቅ ያየ ሰው ካለ ይናገር። አንድ! አንድ ካሳያችሁኝ መቀሴን እዚህ አስቀምጬ እወጣለሁ፣ ማንም እንዳይለምነኝ!» አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እሷ የጠበቀችው ሳቅ ነበር፤ «ኧረ እትዬ መቀስ፣ ማን ደፍሮ!» የሚል ሁካታ። መኪኖቹ ግን አንድ በአንድ ቆሙ። ካውያ የያዘው ሰውዬ የካውያውን ገመድ ማየት ጀመረ። ሰፊዎቹ አቀረቀሩ። «በቃ፣ በቃ፣ ነገ እንነጋገር» አለ ባለቤቱ ከኋላዋ፣ ሊያለቅስ በደረሰ ድምፅ። ያኔ ነው እትዬ መቀስ መፍራት የጀመረችው።

ሜትር ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ የአንገቷን ሜትር በሁለት እጇ ይዛ ታጠብቀዋለች። ፊቷ በእንባ ታጥቧል። «ይቅር በይኝ፣ እትዬ» አለችና ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጆንያ ጎትታ አወጣች። እጅጌ ሲቆረጥ ካርቶኑ አንዴ በፊቱ፣ አንዴ ተገልብጦ ነው የሚቀመጠው፤ ያኔ አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ግራ ይወጣል። ይህ ለጀማሪ የመጀመሪያ ቀን የሚነገር ነገር ነው፤ ለሜትር የነገረቻትም እሷው ናት። ከጆንያው የወጣው ሁሉ ግራ ነበር። የትምህርት ቤት ኮት፣ ግራ። የነርስ ጋውን፣ ግራ። የዘበኛ ካፖርት፣ ግራ። ከላይ ደግሞ የዛሬው ጠዋት ጥቁር ሰማያዊ፣ አራት ፍሬ፣ አራቱም ግራ። እያንዳንዱ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ አራት ቁጥርን እንደዚያ አድርጎ ጅራት የሚያወጣለት ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከእሷ ሌላ የለም። ደጋግማ አገላበጠቻቸው። ገልብጠው ቢያዩትም ግራ ግራ ነው።

ልቧ ሊሮጥ ተነሳ። ግር አለ፣ ተደናቀፈ፣ ክኒኑ ያዘውና እየተጎተተ ቀጠለ። አንዱ ወንበር፣ አንዱ ውሃ፣ አንዷ ማራገቢያ ካርቶን ይዘው ከበቧት። «ወንበሩን ወዲያ!» ብላ ጮኸች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አራት ወር ይሆነዋል» አለች ሜትር። «ሁልጊዜ አይደለም፣ እትዬ። በሳምንት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ። ምሳ ሰዓት ላይ አንቺ ስታርፊ እኔ ደግሜ እቆርጠው ነበር። ጨርቁን ጋሼ ይጨምርልኛል።»

«ልጄስ?»

«ለልጅሽ የነገርኩት እኔ ነኝ» አለ ባለቤቱ ወለሉን እያየ። «ጨንቆኝ ነው። እሱም ስህተት አለብሽ ከሚሏት ሥራ የለም ቢሏት ይሻላል አለኝ። ልቧ አይችለውም አለ።»

አራት ወር። ክኒኑ ሙሉ ከሆነ አራት ወሩ ነው። ይህን ለማስላት ዶክተር መሆን አያስፈልግም፤ ጨርቅ ቆራጭም ታሰላዋለች፣ ቁጥሩን ከሰጧት። የሰጣት ሰው ግን የለም። «ብትነግሪኝ ኖሮ በማግስቱ ዶክተሩ ጋ አልሄድም ነበር?» አለቻት ሜትርን። «አራት ወር ሙሉ አንቺ ምሳሽን ጥለሽ የእኔን ጥፋት ስትቆርጪ፣ እኔ እዚያ ጥቅል ላይ ተጋድሜ ሳንኮራፋ! ጠዋት ደግሞ መጥቼ በቁጣ እጅጌውን ስነጥቅሽ! ሰው መሳቂያ ሲሆን አንድ ወዳጅ እንኳ አይነግረውም?» «ማንም አልሳቀም» አለች ሜትር። «ምነው በሳቃችሁ! ብትስቁ እኮ እሰማ ነበር።» ውሃውን የያዘው ሰው እንኳ ብርጭቆዋን የት እንደሚያስቀምጣት ጠፍቶት ቆመ።

ቃሏን ግን ተናግራለች። መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «የቀረውን እጅጌ አንቺ ቁረጪው» አለቻት ሜትርን። ከጆንያው ውስጥ ሁለት ግራ እጅጌ መርጣ፣ እንደ ንጹሕ ልብስ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ሽርጧን ፈታች፤ ወጣች። ሃምሳ አራቱን ደረጃ ስትወርድ የትኛውም ፎቅ ላይ ቁልፍ አልፈለገችም።

ክሊኒኩ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ የእሷ ቀጠሮ ደግሞ የሚቀጥለው ሳምንት ነው። መዝጋቢዋ «ከቀጠሮ ውጪ አይሆንም» ስትላት «እሺ፣ እጠብቃለሁ» ብላ ዘበኛው ለመዝጊያ ሊያነሳው የነበረ ወንበር ላይ ተቀመጠችና የሚያነሳት ጠፋ። ስልኳ ጮኸ፤ ልጇ ነው። ነገ እንነጋገር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገ ሳይል ዛሬውኑ ተናግሯል ማለት ነው። «እማ! የት ነሽ?» «ዶክተር ጋ።» «ወይኔ! ልብሽ?» «ልቤ አይደለም። ሥራዬ ነው።» «እኔ እኮ… ለአንቺ ብዬ ነው፣ እማ። እንዳይከፋሽ ብዬ።» «አውቃለሁ» አለችው። «የሚያሳርረኝም እሱ ነው። ለክፋት ብታደርጉት ኖሮ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። ለፍቅር ያደረገውን ሰው ምን ብዬ ልስደበው?» «ልምጣ?» አላት። «አትምጣ። ማታ እነግርሃለሁ፤ ሁሉንም ነው የምነግርህ፣ አንተም ሁሉንም ትነግረኛለህ። ያ ልጅም ፈተናውን እንደወደቀ አውቃለሁ።»

ዶክተሩ ካፖርቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል ነው ያገኛት፤ አይቷት ተመልሶ ተቀመጠ። «እንዴት ነዎት፣ እናቴ?» አላት። «ተመ…» ብላ ጀመረች። ምላሷ ላይ ያለችው ቃል ናት፣ ሳትጠራ የምትመጣ። በየወሩ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ይህ ሰው እንዴት ነዎት ሲላት፣ ተመስገን ደህና ነኝ ብላው ነው የምትሄደው። ሰው ጤናዎ እንዴት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ሌላ ምን ይላል? ጣቶቼ ቀዘቀዙ፣ ራሴ ጥጥ ሆነ ብሎ የሰው ጊዜ ማጥፋት ነውር መስሎ ይታያት ነበር፤ የተማረ ሰው ፊት ደግሞ ይበልጥ ነውር። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እያለች ስንቱን ስትመክር የኖረች ሴት! ሌሎቹ ከእሷ ደበቁ፣ እሷ ከዶክተሩ። ይህን ስታስብ በሜትር ላይ የነበራት ቁጣ ግማሹ ወደ ራሷ ዞረና የበለጠ አቃጠላት። ቃሏን ዋጠች። ቦርሳዋን ከፍታ ሁለቱን እጅጌዎች አወጣችና ወረቀቶቹ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው።

«ደህና አይደለሁም» አለች። «ይኸው፣ ሁለቱም ግራ ናቸው።»

ዶክተሩ እጅጌዎቹን አየ፤ እሷን አየ። አልሳቀም፣ ፈገግም አላለላትም፤ ለዚህ አመሰገነችው። የእጇን አንጓ ይዞ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ። «አርባ ስድስት» አለ፤ «ከሚገባው ያነሰ ነው።» መዝገቧን ገልጦ የራሱን ጽሑፍ አነበበላት፤ ምንም ቅሬታ የለም፣ ምንም ቅሬታ የለም፣ ምንም ቅሬታ የለም። «ይህን እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ። «እንዴት ነዎት ብዬ ብቻ ጠይቄ። ደረጃ እንዴት ይወጣሉ ብዬ አልጠየቅኩም።» ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳት። ክኒኑ በዝቶባት ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል፤ ዛሬውኑ የልብ ምርመራ ታደርጋለች፣ ደምም ትሰጣለች። በራሷ ፈቃድ ግን በድንገት እንዳታቆመው፤ መጠኑን የሚቀንሰው እሱ ነው፣ እሱም ካየ በኋላ። ወደ መቀሴ እመለሳለሁ ወይ ስትለው ቃል አልገባላትም። «መጀመሪያ ልወቅ» አለ እስክሪብቶውን አንስቶ። «ስህተቱ የጀመረው የትኛው ሳምንት ላይ ነው? በቀኑ ስንት ሰዓት ላይ ይበዛል? ክኒኑን በወሰዱ በስንት ሰዓቱ?»

እትዬ መቀስ ይህን አታውቅም። ስለ ገዛ እጇ የሚጠይቃት ሰው ቢመጣ፣ መልሱ ያለው ሌላ ሰው ጋ ነው። ስልኳን አወጣች፤ በቀዘቀዙ ጣቶቿ ሁለቴ ተሳስታ፣ በሦስተኛው ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን በሁለቱ እጅጌዎች መሃል አኖረችው። «ሜትር፣ ዶክተሩ ፊት ነኝ። የምትዪውን እሱም ይሰማል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ ያበላሸሁትን ሁሉ ንገሪው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አንድም ሳታስቀሪ።»

ከስልኩ ውስጥ የስፌት መኪና ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከዚያ እሱም ቆመ።

«እትዬ…» አለች ሜትር። «አንቺ እዚያው ነሽ? እስክነግረው ወጣ ብትዪ አይሻልም? ልብሽ…»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና ብሎ አያት። እትዬ መቀስ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገች።

«እዚሁ ነኝ» አለች። «እኔም መስማት እፈልጋለሁ። ጀምሪ።»

ሜትር ጉሮሮዋን ጠረገችና ከመጀመሪያው ሰኞ ጀመረች።